አባባ ዝምተኛ አልነበሩም

እሺ ሰላም ለሁላችሁም። ስላይድ ምናምን አላዘጋጀሁም፣ የያዝኩት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም አያቴ አባባ ያረፉ ጊዜ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩበት ወረቀት ነው። ከልጅ ልጆቻቸው መሀል "ጽሑፍ ይሞክራል" የምባለው እኔ ስለሆንኩ አጎቶቼ አንተ ጻፍ አሉኝ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፣ በነጋታው አነበብኩት፣ ሰው አለቀሰ፣ እየመጡ ትከሻዬን እየያዙ "በደንብ ገለጽካቸው" አሉኝ፣ እኔም አመንኩ።

ከወራት በኋላ ላፕቶፔ ላይ ቦታ ሳስለቅቅ ፋይሉ ብቅ አለ። ከፈትኩት። "ታታሪ፣ ለቤተሰባቸው የኖሩ፣ ዝምተኛ፣ ሰው የማያስቀይሙ፣ ሰባት ልጆችን በላባቸው ያሳደጉ።" ከዛ እንደ ቀልድ የአባባን ስም አጠፋሁና የጎረቤታችንን ስም አስገባሁ። ገጠመ! የጓደኛዬን አባት አስገባሁ፣ እሱም ገጠመ። አንድ ቃል እንኳን መቀየር አላስፈለገኝም። በቃ ያን ቀን ሰው ፊት ቆሜ ያነበብኩት ስም ብቻ የሚሞላበት ፎርም ነበር ማለት ነው፣ አባባ ውስጡ የሉም።

ይሄ ችግር እኔ ላይ አልጀመረም። ፖሊቢየስ የሚባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ አለ፣ ሮማውያን ትልቅ ሰው ሲሞትባቸው ምን እንደሚያደርጉ ጽፎልናል፣ አስከሬኑን አደባባይ ያወጡታል፣ ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ የአባቱን ሥራ ይዘረዝራል፣ ቀድመው የሞቱትን የቤተሰቡን አባቶች መልክ የያዘ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ደግሞ ተደርድረው ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አስቡት፣ የሞቱ አያቶችህ ቁጭ ብለው ሲሰሙህ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ድግስ እያለ ሲሴሮ የሚባለው ሮማዊ ፖለቲከኛና ተናጋሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 በጻፈው አንድ ሥራው ላይ እነዚህ የቀብር ንግግሮች ታሪካችንን በውሸት ሞሉት ብሎ ያማርራል፣ ያልተገኙ ድሎች፣ ያልተያዙ ሥልጣኖች፣ የተፈበረከ የዘር ሐረግ። እኔ እንኳን አልዋሸሁም። ግን ምን መሰላችሁ፣ እውነት ብቻ ተናግሮም ስለሰውየው ምንም ሳይናገሩ መውረድ ይቻላል፣ እንደውም ከውሸት የሚብስ ይመስለኛል፣ ውሸት ቢሆን ቢያንስ አንድ ሰው ተነስቶ "ኧረ እንደዛ አይደለም" ይላል፣ "ታታሪ ነበሩ" ስትል ግን ማን ምን ብሎ ይከራከርሃል።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቃል ጀመርኩ። ታታሪ። እሺ፣ ምን ላይ ነው የታተሩት? አባባ አናጢ ነበሩ፣ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። ሰባቱን ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ደወልኩና "አባባ ጠዋት ወጥተው ማታ እስኪገቡ ምን ነበር የሚሠሩት?" አልኳቸው። "እንጨት።" እንጨት ምን? "እንጨት ነዋ፣ በር፣ ወንበር፣ ምናምን።" አንዱ አጎቴ ራሱ መልሶ "ለምንድነው የምትጠይቀኝ?" አለኝ ትንሽ ቆጣ ብሎ፣ በኋላ ሳስበው የተቆጣው በኔ አይመስለኝም፣ በዛ በላብ አድጎ ላቡ ምን ላይ እንደፈሰሰ እንደማያውቅ እዛው ስልክ ላይ ስለገባው ነው። ሰባቱም ክፉ ልጆች ሆነው አይደለም፣ ሥራው ማሽን ያለበት ነው፣ ልጅ እንዲጠጋ አይፈልጉም ነበር፣ "እናንተ ተማሩ" ነው፣ ልጆቹም ተማሩ።

የሚያውቀው ሰው ተገኘ። እሳቸው ጋ ሙያ የተማረ፣ በልጅነቱ መጥቶ ብዙ ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ አሁን ራሱም ፀጉሩ የነጣ ሰው ነው። ሁለት ሰዓት አወራኝ፣ ሁለት ሰዓት ስላችሁ እኔ ያወራሁት አምስት ደቂቃ አይሞላም። አባባ ሳንቃ ከመላጋቸው በፊት አይናቸውን ሳይሆን መዳፋቸውን ነበር የሚያሳርፉበት አለኝ፣ እንጨት ልክ እንደ ድመት ፀጉር አንድ አቅጣጫ አለው፣ በዛው ከሄድክ ይለሰልሳል፣ ተቃራኒውን ከላግከው ይቦጨቃል፣ እሳቸው ግን ሳያዩ በእጃቸው ያውቁት ነበር። በር ሲሠሩ ደግሞ ከጎኑ ትንሽ ክፍተት ይተዋሉ፣ ደንበኛው "ይሄ ምንድነው፣ ልኩን ስተሃል" ብሎ ይጮሃል፣ እሳቸው ደግሞ "ዝናቡ ይምጣና ያኔ ታመሰግነኛለህ" ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ የሚያብጠው ግን በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው፣ በቁመቱ የሚጨምረው ከቁጥር አይገባም፣ ስለዚህ በበጋ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ በር ክረምት ላይ አልዘጋም ይላል። አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ የሚባለውን ሁሉም አናጢ ይናገረዋል፣ እሳቸው ግን ነገ የሚመጣውን እርጥበት ጭምር ነበር የሚለኩት።

ማስታወሻ ደብተራቸውንም ያስቀመጠው እሱ ነው። ዳሩ የተበላ ደብተር፣ በእርሳስ የተጻፈ፣ ገጽ ሙሉ ቁጥር። 82 በ204። 90 በ210። መሀል መሀል ላይ ግን ሁለት ሦስት ቃል አለ። አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ ልክ አጠገብ "ልጁ ግራኝ ነው" ይላል፣ መሳቢያውን በግራ በኩል ሊያደርጉለት ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው እኔ የተሸነፍኩት። እዛ ፎርም ላይ ሌላ ሰው ሁሉ ይገጥማል፣ "ልጁ ግራኝ ነው" ላይ ግን ጎረቤታችን አይገጥምም።

ከዛ ልወጣ ስል ወረቀቴን አወጣሁና አነበብኩለት፣ እንዲያርመኝ ብዬ። "ዝምተኛ" የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። የምር ነው የሳቀው፣ እስኪያስለው። "ዝምተኛ? አባባ? ልጄ እኔ እኮ በእሳቸው ወሬ ነው ያደግኩት!" ቀልድ ይቀልዳሉ፣ ደንበኛ ከሄደ በኋላ አረማመዱን እያስመሰሉ ያስቁናል፣ ያንጎራጉራሉ አለኝ። እኔ ደግሞ አባባ ቤት ውስጥ ከአስር ቃል በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፣ እናቴም አልሰማችም። አንድ ሰው ነው እንዴ የምናወራው?

ይሄን ነገር ለወራት ይዤው ዞርኩ። አንድ ቀን ጆሮ ላይ የሚሠራ ሐኪም ጓደኛዬን እንዲሁ ለወሬ ያህል ስነግረው "ማሽኑ ምንድነው?" አለኝ። የእንጨት መሰንጠቂያና መላጊያ ማሽን አልኩት። "ጆሯቸው ላይ የሚያደርጉት ነገር ነበር?" ኧረ የለም። "ስንት ዓመት?" ከ30 በላይ። ዝም ብሎ አየኝ።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልናገር፣ ታገሱኝ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም የሚመክረው የድምፅ ጣሪያ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 85 ዴሲቤል ነው (ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ከዛ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት እያለ ወርዶ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን እንጨት ሲበላ 100 አካባቢ መድረሱ ብርቅ አይደለም። አባባ የአንድ ቀን ድርሻቸውን ጠዋት ላይ በሩብ ሰዓት ይጨርሱ ነበር ማለት ነው፣ ከዛ ማታ ድረስ ይቀጥላሉ። ጉዳቱ አያምም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የውስጠኛው ጆሮ ፀጉር መሰል ሴሎች አንዴ ከሞቱ ደግሞ ሰው ላይ ተመልሰው አያድጉም።

የከነከነኝ ግን እሱ አይደለም። በጩኸት የሚጎዳ ጆሮ ሁሉንም ድምፅ እኩል አያጣም፣ መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ 4000 ኸርትዝ አካባቢ ያለው፣ ስ፣ ፍ፣ ት፣ ች የመሳሰሉት ድምፆች። ስለዚህ ሰውየው እየተነገረው እንደሆነ ይሰማል፣ ምን እንደተባለ ግን አይለይም። በተለይ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያወራ። በተለይ ደግሞ የሴትና የሕፃን ድምፅ። ገባችሁ? ሠራተኛቸው ድምፁ ወፍራም ነው፣ ማሽኑን አጥፍቶ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ እሱ ጋ አባባ ወሬኛ ናቸው። ቤት ሲገቡ ሚስት፣ አራት ሴት ልጆች፣ በኋላ ደግሞ እኛ የልጅ ልጆች፣ ሁላችንም ባንዴ እየተንጫጫን፣ እሳቸው ደግሞ መሀላችን ቁጭ ብለው የሁላችንንም ድምፅ እንደ ጉም ነው የሚሰሙት። ምን ያድርጉ? "እሺ" ይላሉ። ሁሉን ነገር እሺ። ቤተሰቡ ውስጥ ደግሞ "አባባ እሺ ይሉሃል እንጂ አያደርጉትም" የሚባል ቀልድ ነበር፣ ግትር ናቸው ማለታችን ነው።

ትልቋ አክስቴ አንድ ነገር ነግራኛለች። ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ቀን ሮጣ መጥታ ነገረቻቸው፣ "እሺ" አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። 40 ዓመት ይዛዋለች ይቺን "እሺ"። እኔ ደግሞ ይሄን የጆሮ ነገር ሳውቅ በደስታ ሮጬ ሄጄ ነገርኳት፣ አልሰሙሽም ይሆናል እኮ አልኳት። የጠበቅኩት እፎይ እንድትል ነበር። እሷ ግን ተቆጣች፣ "ምክንያት አትፈልግላቸው፣ ፊቴን ማየት ይችሉ ነበር፣ ፊቴ እኮ ይናገራል" አለችኝ። ልክ ናት። የዛን ቀን ሳይሰሙ ቀርተው ነው ወይስ ደክሟቸው ነው ማንም አሁን ሊያውቅ አይችልም፣ እኔ ላስታርቃቸው ስለፈለግኩ ብቻ አንዱን መርጬ መጻፍ የለብኝም፣ ሁለቱንም ነው የጻፍኩት፣ የሷንም ቁጣ ጨምሬ።

ፍሬድሪክ ባርትሌት የሚባል የካምብሪጅ ሳይኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው ጥናት አለ፣ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ለእንግሊዞች እንግዳ የሆነ ተረት ያስነብባቸውና ከጊዜ በኋላ መልሰው እንዲጽፉት ያደርጋል። ያልገባቸውን በሙሉ ወደሚያውቁት ነገር ቀየሩት፣ ታንኳው ጀልባ ሆነ፣ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ፣ ግራ የሚያጋባው ነገር ተቆርጦ ወደቀ። ቤተሰብም እንደዛው ነው የሚያስታውሰው። ልጆች ስለ ጆሮ ጉዳት የሚያውቁት ነገር የለም፣ ስለ "ኮስታራ አባት" ግን ሺህ ጊዜ ሰምተዋል፣ ስለዚህ ያልገባቸውን ዝምታ ወስደው በሚያውቁት ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ማንም አልዋሸም እኮ። ሁሉም የሚያስታውሰውን ነው የተናገረው።

እና ይሄ "ታታሪ" የሚለው ቃል ሌላም ነገር ይሸፍናል፣ ዋጋውን። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት አብረው እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዛ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ ተገምቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ብቻ ከዚህ ጋር የተያያዘው ሞት 745 ሺህ ነው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ወንዶች ናቸው። የእንጨት ብናኝ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1995 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት የሚለው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው፣ ግን ለራሱ የሚሠራን ሰው ማን ሰዓቱን ይቆጥርለታል። አባባ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስተው ይወጣሉ፣ የተኛን ልጅ ትተው ሄደው የተኛ ልጅ ጋ ይመለሳሉ፣ ቅዳሜ የለ ምን የለ። እኛ መድረክ ላይ ወጥተን በዚህ ነው የምናመሰግናቸው። አንዱ አጎቴ እንደውም "እኔም እንደሳቸው ነኝ፣ እረፍት አላውቅም" ይላል በኩራት፣ ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ነው የሚለው፣ ፊታቸውን ባያችሁት።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር፣ ደብተሩ። ግራው ዓምድ በአባባ እጅ ነው፣ ቁጥር ነው። ቀኙ ዓምድ ግን በሌላ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ለቀም ለቀም ያለ ቆንጆ ፊደል፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ማን ቀጠሮ ጠየቀ። እማማ ናቸው፣ የአባባ ሚስት። በየማታው ልጆቹን ካስተኙ በኋላ ሒሳቡን የሚይዙት፣ ዕዳ የሚያስታውሱት፣ ለእንጨት መግዣ የሚሆነውን ከቤት ወጪ ለይተው የሚያስቀምጡት እሳቸው ነበሩ። ደብተሩ እኩል ለእኩል የሁለቱ ነው። እኔ ወረቀት ላይ እማማ ስንት ቃል እንዳላቸው ቆጠርኩ፣ "ከባለቤታቸው ጋር"፣ ሁለት ቃል። እዛ ቦታ ላይ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው እየሰሙኝ ነበር እኮ፣ ምን እንዳሰቡ እንጃ። በኋላ ስጠይቃቸው "የሞተው እሱ ነው፣ ለኔ ደግሞ ስሞት ትጽፋለህ" አሉኝና ሳቁ።

እንግዲህ አባታችሁ ወይ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ሄዳችሁ ጠይቁ ነው የምላችሁ፣ ግን አጠያየቁ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። ስልኩን ሪከርድ ላይ አድርገን ፊታቸው ደቅነን "አባባ ከሕይወትዎ ምን ተማሩ?" እንላለን። እንደዛ ከጠየቅከው የሚመልስልህ ያው ፎርሙን ነው፣ "ሥራ፣ ትዕግስት፣ ፈጣሪ ይመስገን"፣ አለቀ። ስለ እጃቸው ጠይቁ። ይቺ ጠባሳ ከምንድነው? የመጀመሪያ ደሞዝዎን ምን ገዙበት? መጀመሪያ ያበላሹት ሥራ ምን ነበር፣ ሰውየውስ ምን አለ? መሣሪያቸውን ይዛችሁ ሂዱ፣ መላጊያውን እጃቸው ላይ አስቀምጡላቸው፣ አፋቸው የረሳውን እጃቸው ይጀምረዋል። ደግሞ ከ10 እስከ 30 ዓመት ስላለው ዕድሜያቸው ብዙ ጠይቁ፣ የማስታወስ ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ነው፣ ሰው ካረጀ በኋላ ከሌላው ዘመኑ በላይ ተትረፍርፎ የሚመጣለት የዛ ጊዜ ትዝታ ነው። ዝም ሲሉ አትቸኩሉ፣ እስኪጨርሱት ጠብቁ፣ እኔ ስለ አባባ ሰው ስጠይቅ የቀዳሁትን ሳዳምጠው ጥሩ ጥሩውን ነገር በሙሉ ያቋረጥኩት ራሴ ነኝ። ጆሮ ደግሞ ከከበዳቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ አትጩሁባቸው፣ ጩኸት ቃሉን አያጠራውም።

ሽማግሌ ያለፈውን ሲደጋግም "አረጀ" ብለን የምንተወው ነገርም ትክክል አይደለም። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ይሄ መድከም ሳይሆን ሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ሕይወቱን መልሶ የሚመረምርበት ጤናማ ነገር ነው ብሎ ጽፏል። ለልጆችም ቢሆን ጥቅም ሳይኖረው አይቀርም፣ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ የሚባሉ የአሜሪካው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂስቶች "እናትና አባትህ የት እንደተገናኙ ታውቃለህ?" የሚመስሉ 20 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ልጆችን ጠይቀው ነበር፣ ብዙ የሚያውቁት ልጆች በራሳቸው የመተማመን ስሜታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ግን ዱክ ራሱ እንደሚለው መልሱን እንደ ፈተና ማስጠናት ምንም አይፈይድም፣ ነገሩ ያለው አብሮ ቁጭ ብሎ ማውራቱ ውስጥ ነው።

እኔ ግን አባባን አልጠየቅኳቸውም፣ ሞተው ነው ያወቅኳቸው። ያለኝ አንድ ቪድዮ ብቻ ነው፣ የአክስቴ ልጅ አዲስ የገዛውን ስልክ ሊሞክር ሥራ ቦታቸው ሄዶ የቀረፀው፣ አራት ደቂቃ አይሞላም፣ ግማሹ መሬት ነው የሚያሳየው። አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው መሮ ይዘው አንድ ነገር ይፈለፍላሉ። ታናሽ እህቴ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፣ ድምጿ ይሰማል። "አባባ።" ዝም። "አባባ።" ዝም። እኔ ይሄን ቪድዮ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ ሁሌም "አቤት ኮስታራነታቸው" እያልኩ። ሦስተኛ አትጣራም። ሄዳ የሚሠሩበትን ጠረጴዛ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለች። አባባ ወዲያው ዞር ይላሉ፣ መሮውን ያስቀምጣሉ፣ በርከክ ይሉና ፊታቸውን ፊቷ አጠገብ አድርገው "ወዬ የኔ እናት" ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ እህቴን ደወልኩላት፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ለምንድነው ጠረጴዛውን የመታሽው አልኳት። ግራ ገባት፣ "ሁሌም እንደዛ ነዋ የምጠራቸው" አለችኝ፣ "እናንተ አትመቱም ነበር እንዴ?"